ጥሪው እንዳይዘጋ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ በበሩ ሰሌዳ ላይ የሚታየው ቁጥር ስልሳ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ነበር። ውባንቺ ያየችው ፊቷን እንኳን ሳትታጠብ ነው። አይታው ወደ ወንድሟ አልጋ ሄደች፤ ብርድ ልብሱን ከእግሩ ላይ ገለጠችና ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷ የገባበት ጎድጉዶ ቀረ። ትናንት እንዲህ ሲጫን ቶሎ ይመለስ ነበር። መልሳ ሸፈነችው።

ሊፍቱ የቆመው እሑድ ነው። ብሎክ ሃያ ሁለት አሥራ ስድስት ፎቅ ሲሆን ውባንቺና ወንድሟ ደምሰው የሚኖሩት አሥራ አራተኛው ላይ ነው። እሷ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እሱ ሃምሳ አንድ። የደምሰው ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሰኞና ሐሙስ እየወረደ ከመንገዱ ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ እጥበት ይደረግለታል። በዚህ ሳምንት ሰኞ አልሄደም፤ ሐሙስም አልሄደም። እሱን ለማውረድ የሚያስፈልገው ጉልበት ያላቸው አራት ሰዎችና አንድ ወንበር ብቻ ነበር።

ታዲያ ጎረቤት የለም እንዴ የሚል አይጠፋም። አለ እንጂ፣ ጎረቤትማ ሞልቷል። በሁለት ሺህ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ሰው ሁሉ ደግ ነው። ጠዋት ሲነሳ የበሩ ሰሌዳ የዕለቱን ሰባት ጥሪዎች ይዘረግፍለታል፤ ቤት የፈረሰበት፣ ልጅ የጠፋችበት፣ ጎርፍ ያፈናቀለው። ጥርሱን እየቦረሸ አውራ ጣቱን በየአንዳንዱ ላይ ያሳርፍና «አለሁ» ይላል። ከልቡ ነው የሚለው፤ እንባ የሚቀድመውም አለ። ዳቦ ቤት ሲሄድ በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ «ዛሬ ለማን አዘኑ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ለማንም ያላዘነ ሰው የሚሰለፈው ከሁሉም ኋላ ነው። መሥሪያ ቤትም ያው ነው። ውባንቺ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ሠላሳ ዓመት ስትሠራ አንድ ቀን እንኳን ሳታዝን ሥራ ገብታ አታውቅም።

ጥሪ መቶ ሺህ አለሁ ሲሞላ የጥሪ ጽሕፈት ቤቱ የሚያስፈልገውን ይልካል። ለደምሰው የሚላከው የሊፍት ጠጋኝ ነበር። ከመሙላቱ በፊት ግን የሌላ ቤት ሰው እጁን ካስገባበት ሰሌዳው «ምላሽ አግኝቷል» ብሎ ይዘጋዋል፤ የተሰበሰበው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል፤ ለዚያው ጉዳይ እንደገና መጥራት የሚቻለው ከዓመት በኋላ ነው። የቤት ሰው እጅ አይቆጠርም። እንግዲህ የብሎክ ሃያ ሁለት ሰው ደምሰውን ያልነካው ስላልወደደው እንዳይመስላችሁ። እንዳይዘጋበት ብሎ ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አምቡላንሱ መጥቶ ነበር። ሹፌር የለውም፤ ተሸካሚም የለውም። ግቢው ውስጥ ቆመና ለስላሳ በሆነ የሴት ድምፅ «አቶ ደምሰው፣ እየጠበቅንዎት ነው» እያለ ሃያ ደቂቃ ቆየ። ውባንቺ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ መጣን፣ መጣን ትላለች። ማን እንደሚመጣ ግን እሷም አታውቅም። ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ «መልካም ጤንነት እንመኛለን» አለና ሄደ።

ያን ዕለት ውባንቺ ዓይኗን በጨው አጥባ ሦስተኛ ፎቅ ወረደች፤ የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ መርሻ ቤት። አቶ መርሻ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሆደ ቡቡ ሰው፣ ለሰው ጉዳይ የሚያለቅሱ። ገና ስታንኳኳ አቅፈው አስገቧት። የእድሩን መጋዘን ከፍተው ቃሬዛውን እንዲያወጡላትና አራት ልጆች እንዲጠሩላት ለመነቻቸው። አቶ መርሻ ሰሌዳውን አዩ።

«ውባንቺ፣ አርባ ሁለት ሺህ ደርሷል እኮ» አሏት።

«እግሩ አብጧል፣ አቶ መርሻ። መተኛት አቅቶት ቁጭ ብሎ ነው ሚያድረው።»

«ዛሬ ልጆቹን ብጠራልሽ ያወርዱታል። ሰኞስ? የዛሬ ሳምንትስ? በገዛ እጄ ዘግቼብሽ በምን ዓይኔ አይሻለሁ?»

ነገራቸው ስህተት የለበትም፤ ክፋቱም እሱ ነው። ቅዳሜ ሰው ሥራ ስለማይገባ ቅዳሜ ይሞላል ብለው ቃል ገቡላት፤ የደምሰውን ፎቶም በየሰፈሩ አሠራጩላት። ውባንቺም አመነች። ማመን ብቻ አይደለም፣ ወጥታ ለደምሰው ያንኑ ቃል በቃል ደገመችለት።

ከአቶ መርሻ ጋር ደፍራ ያልተከራከረችበት ሌላ ምክንያት ነበራት። የእድሩ ደንብ ሰባተኛው አንቀጽ የሷ ሐሳብ ነው።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት እድሩ እድር ነበር። ጥሩምባ ሲነፋ ሰው የያዘውን ጥሎ ይወጣል፤ ወንዱ ድንኳን ይተክላል፣ ሴቷ ድስት ታጥባለች፣ የታመመ ሰው ካለ በቃሬዛ ይወርዳል። የቀረ ሰው ስሙ በጉባኤ ይነሳል። ውባንቺ ያኔ የእድሩ ጸሐፊ ነበረች። ማጠቢያ ቤት የሌሊት ተረኛ እየሆነች ሦስት ለቅሶ አመለጣት፤ የራሷን ስም ከራሷ መዝገብ ላይ በጉባኤ ፊት አነበበች። እፍረቱ አንገበገባት። በሚቀጥለው ጉባኤ ተነሥታ፣ ማንኛውም አባል በሰሌዳው አለሁ ካለ እንደተገኘ ይቆጠርለት የሚል ሐሳብ አቀረበች። ወገቧ የተቆረጠ ሴት ሁሉ አጨበጨበላት። እልል ያለችም ነበረች። ያላጨበጨበው ደምሰው ብቻ ነው። ቃሬዛ ሲነሳ የፊተኛው ቀኝ እጀታ የሱ ነበር፤ ማንም አይቀማውም። ከኋላ ወንበር ሆኖ «ቃሬዛውንስ በአውራ ጣት ነው ምናነሳው?» ብሎ ጠየቀ። ሰዉ ሳቀ። ውባንቺም ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ጥሩምባው ቆመ። ቃሬዛው መጋዘን ገባ።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ለማንም አላወራችውም። ከአራት ዓመት በፊት፣ ሊፍቱ ለሦስት ቀን ቆሞ በነበረ ጊዜ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ወይዘሮ ኬሪያ ደረጃው ላይ ተንሸራተው ወደቁ። ባላቸው የሞተባቸው ብቸኛ ሴት ናቸው። ውባንቺ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተጋድመው አገኘቻቸው። ጥሪያቸው ተከፍቷል፤ ስምንት ሺህ ደርሷል። ውባንቺ እንዳትነካቸው ቀሚሷን ሰብስባ፣ ይቅርታ እትዬ ኬሪያ ብላ፣ በላያቸው ተሻግራ አለፈች። ቤቷ ገብታ ሦስት ጊዜ አለሁ አለች፤ ሰሌዳው ግን የቆጠረላት አንዱን ነው። የወይዘሮ ኬሪያ ጥሪ ሠላሳ ስምንት ሺህ ላይ ቆመና በዚያው ቀረ። እየተሳቡ ቤታቸው ገቡ፤ የዳሌ አጥንታቸው ጠምሞ ገጠመ። ደምሰው ያን ቀን በእግሩ ወርዶ የመጀመሪያውን እጥበት ሊያደርግ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ሰማና «ማን አነሳቸው?» ብሎ ጠየቃት። አልሰማሁም ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሲሆን ቁጥሩ ስልሳ ስድስት ሺህ ነበር። ደምሰው ትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ውሃ የሚንተከተክ ይመስላል።

«እታለም» አላት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራት እንዲያ ነው። «እንውረድ።»

«ሊሞላ ነው እኮ፣ ደምስዬ። ትንሽ ታገሥ።»

«እሱ ይሙላ። እኛ እንውረድ።»

ሁለት ብርድ ልብስ አንድ ላይ ደርባ ደረጃው ራስ ላይ አነጠፈች፤ እሱን አስቀመጠችው። ከኋላው ተቀምጣ በብብቱ ሥር እጆቿን አስገብታ አቀፈችው። አንድ ደረጃ ይወርዳል፣ ያርፋል፤ እሷም ትወርዳለች። በአንድ ፎቅ አሥራ ስምንት ደረጃ ነው፤ በአሥራ አራቱ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት። ደምሰው ድሮ ሬሳ ተሸክሞ ይህንኑ ሲወርድ አያልበውም ነበር፤ አሁን አምስት ደረጃ ወርዶ ልብሱ በላብ ተጣብቋል።

አሥራ ሦስተኛው ላይ በሮች ተከፈቱ። አሥራ ሁለተኛው ላይ የተሰበሰበው ሰው ብሶ ነበር። እናቶች ደረታቸውን ይዘው ያለቅሳሉ፤ ሁሉም ስልኩን ዘርግቷል፤ አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ የሚለው ድምፅ ደረጃውን ሞልቶታል። አሥራ አንደኛው ላይ ኳስ የሚጫወቱ አምስት ጎረምሶች፣ ክንዳቸው እንደ ግንድ የሆነ፣ መንገድ ለመስጠት ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። አንደኛው የቱታውን እጅጌ እንኳን ሰብስቦ ያዘ፤ በስህተት ጨርቁ ነክቶት እንዳይዘጋ። ውባንቺ የሱን እጅጌ ስታይ የራሷን ቀሚስ አስታወሰች፤ ፊቷን አዞረች።

በየፎቁ ደረጃ ራስ ላይ ያለው ሰሌዳ ቁጥሩን ያሳያል። አዲስ አበባ ሁሉ እያያቸው ነው። ሰባ ሺህ፣ ሰባ አምስት፣ ሰማንያ። እውነት ለመናገር ልቧ ቀና አለ። ዘጠነኛው ሲደርሱ ሰማንያ አራት ሺህ ሆኗል፤ በዚህ አያያዙ ስድስት ሰዓት ሳይሆን ይሞላል። እዚሁ ብናርፍስ ብላ አሰበች።

ወይዘሮ ኬሪያ በራቸው ላይ በምርኩዝ ቆመዋል። አያለቅሱም፤ ስልክም አልያዙም። ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና በግድ እየተንፏቀቁ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ከደምሰው እግር በታች።

«እትዬ ኬሪያ፣ እባክዎን አይንኩት» አለች ውባንቺ። «አሥራ ስድስት ሺህ ነው የቀረው።»

«እኔን ሠላሳ ስምንት ሺህ ሰው አለሁ ብሎኛል» አሉ ወይዘሮ ኬሪያ። «አጥንቴ የገጠመው እንዲህ ነው። ባሌን ከዚህ ያወረደው ይሄ ልጅ ነው፤ ዓይኔ እያየ ደረጃ ለደረጃ አይጎተትም።»

ውባንቺ ቁጥሩን አየች። ሰማንያ አራት ሺህ አራት መቶ። የዚያን ጊዜ ደምሰው ከእቅፏ መንሸራተት ጀመረ፤ ክንዷ ዝሏል፣ ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋታል። ጭንቅላቱ ወደ ደረጃው መደገፊያ ብረት ሲያዘነብል ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም።

«ያዙልኝ» አለች።

ወይዘሮ ኬሪያ ሁለቱን እግሮቹን በጭናቸው ላይ አቅፈው ያዟቸው።

ሰሌዳው አንዴ ደወለ። ቁጥሩ ጠፋና «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጥሪዎ ምላሽ አግኝቷል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ከላይ አንዲት ወጣት ሴት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥታ ስታሰባስብ ያደረች ልጅ ናት። ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ፣ ለራሱ ብለን ነበር እኮ አለች። ማንም አልተሳደበም። ሐዘናቸው እውነተኛ ሐዘን ነበር። ከዚያ በሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ምላሽ ያገኘ ጥሪ በር ላይ መቆም ነውር ነው፤ ሰው በሌላ ሰው ደግነት ላይ እንደመገልመጥ ይቆጠራል።

ሦስቱ ብቻቸውን ወረዱ። ወይዘሮ ኬሪያ ከፊት በቂጣቸው እየተንፏቀቁ እግሩን ይቀበላሉ፤ ውባንቺ ከኋላ ትደግፋለች። ሃያ ሰባት ደረጃ እንዲህ ሄዱ። ከስምንተኛው ወረድ ብሎ ያለው መታጠፊያ ላይ የአሮጊቷ ዳሌ እምቢ አለ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ሂዱ፣ ሂዱ» አሉ። «እኔ እዚሁ ቁጭ እላለሁ። ስትደርሱ ድምፅሽን አሰሚኝ። ሳልሰማሽ አልነሳም።»

ውባንቺ እጃቸውን ልትስም ጎንበስ አለች፤ አልሆነላትም፤ ደምሰውን መልቀቅ አትችልም ነበር።

ሰባተኛው ዝግ ነው። ስድስተኛው ዝግ ነው። አምስተኛው ላይ ከአንዱ ቤት የምሳ ሽንኩርት ሲቁላላ ይሸታል፤ የሬዲዮ ድምፅም አለ። ውባንቺ ጮኻ ተጣራች። ከአሁን በኋላ መንካት ምንም አይዘጋም፤ የተዘጋው ተዘግቷል። ግን በዚህ ሁሉ ዓመት የሰው ጆሮ የለመደው ሰሌዳውን ነው፤ በር ላይ የሚጣራ ሰው ምን ፈልጎ እንደሆነ አያውቅም። ሬዲዮው ቀነስ አለና ትንሽ ቆይቶ እንደ ድሮው ሆነ።

ከአምስተኛው በታች፣ ወደ አራተኛው በሚወስደው መታጠፊያ ላይ፣ ደምሰው እጇን ጨብጦ አስቆማት።

«እታለም፣ ያን ጊዜ እትዬ ኬሪያን ማን አነሳቸው?»

አራት ዓመት ያመለጠችው ጥያቄ ነው። ከኋላው ሆና ስለነበር ፊቱን አታየውም።

«ማንም» አለች። «እኔ ነበርኩ እዚያ። ተሻግሬያቸው ሄድኩ።»

«አውቃለሁ» አላት። «ነግረውኛል።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አልፈረዱብሽም። እኔም።»

ከዚያ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ ጣለ። ያረፈ መስሏት አልነቀነቀችውም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ልጅ ሳለ እናታቸው ሞታ እሷ ስታስተኛው እንደነበረው አቅፋው፣ የደረቱን ድምፅ አዳመጠች። የሚንተከተከው ነገር ቀስ እያለ መጣና ቆመ። ቀጣዩን ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች።

«ደምስዬ» አለች። «ዘጠኝ ደረጃ ነው የቀረን እስከ አራተኛ። ከዚያ ቅርብ ነው።»

ይህን የተናገረችው ማወቅ ስላልፈለገች ነው። አወቀችው ግን። ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም። በነጠላዋ ጫፍ አፉን ጠረገችለት፤ ዓይኖቹን በመዳፏ ዘጋቻቸው፤ ብርድ ልብሱንም ጫፍ በጫፍ አገናኝታ እግሩ ላይ አለበሰችው።

ሰሌዳው ሞትን ለማወቅ ጊዜ አይወስድበትም። አራተኛ ፎቅ ራስ ላይ ያለው፣ ከተቀመጠችበት በደንብ የሚታየው፣ ሁለት ጊዜ ደወለና የደምሰውን ፎቶ አመጣ። ከሥሩ የአቶ መርሻ ጽሑፍ ነበር፤ ሊቀ መንበሩ ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከሥሯ ካለው ቤታቸው ሆነው፣ የተወዳጁን የእድራችንን አባል አስከሬን ወደ ታች ለማውረድ አዲስ ጥሪ መክፈታቸውን በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃሉ። የሞት ጥሪ ቶሎ ነው የሚሞላው፤ ሰው ለሞተ ሰው አይሰስትም። አራት ሺህ። ዘጠኝ ሺህ። ሃያ ሦስት ሺህ። በየፎቁ በሮች መከፈት ጀመሩ፤ ከላይም ከታችም የሰው ለቅሶ ተሰማ፤ አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ። ሲሞላ የሊፍቱ ጠጋኝ ይመጣል። ደምሰው በሊፍት ይወርዳል። እስከዚያ ድረስ ግን ማንም ጎረቤት ወደ መታጠፊያው አይመጣም፤ እንዳይዘጋበት።

ቁጥሩ ሠላሳ ሺህ ሲያልፍ ሰሌዳው የሷን ስም ጠርቶ፣ የሟች እህት እንደመሆናቸው ወይዘሮ ውባንቺ አለሁ ይበሉ አላት። አውራ ጣቷን አየችው። ጠዋት የወንድሟን ቁርጭምጭሚት ጫን ያደረገችበት ጣት ነው። እጇን በደምሰው ደረት ላይ መልሳ አሳረፈችው።

ከላይ፣ ከሩቅ፣ በለቅሶው መሐል የአሮጊት ድምፅ መጣ። ደካማ ነው፤ ግን ደረጃው እንደ ጉድጓድ ስለሆነ ያስተጋባዋል። ወይዘሮ ኬሪያ ስልክ አይዙም፤ የሰሌዳውንም ጽሑፍ ዓይናቸው ከሩቅ አይለይም፤ ለቅሶው ደግሞ የየዕለቱ ነው። አሁንም እዚያው ናቸው። ካልሰሟት አይነሱም።

«ውባንቺ! ደረሳችሁ ወይ?»

ውባንቺ ወደ ላይ ቀና አለች።

«ውባንቺ!»

«ደርሰናል!» አለች። «ደርሰናል፣ እትዬ ኬሪያ። ይግቡ፣ አሁን ይነሡና ይግቡ።»

ከላይ «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ሰማቻቸው። ከዚያ ግድግዳ እየተደገፈ የሚነሳ ሰው ኮቴ፤ አንድ ደረጃ፣ ዕረፍት፣ አንድ ደረጃ።